«ዕድገት» ከመቼ ወዲህ? ለኤ አይ ኤጀንት ስለሚጻፍ መግለጫ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ርዕሱን ላየ ሰው የፕሮግራመሮች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን አክሲዮን ያለውን፣ ለመግዛት የሚያስበውን፣ ስለ ገንዘቡም ስልኩ ላይ ያለውን ኤ አይ የሚጠይቀውን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

በራሴ ጥፋት ልጀምር።

የምተዳደረው ለሶፍትዌር ድርጅቶች ሰነድ በመጻፍ ነው። ባለፈው ዓመት የአክሲዮን መረጃ የሚያቀርብ አንድ ድርጅት ሥራ ሰጠኝ። ድርጅቱ የኩባንያዎች ገቢና ትርፍ ካለፈው ዓመት በምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚመልስ መሣሪያ አለው። መሣሪያውን የሚጠቀሙት በቀጥታ ሰዎች ሳይሆኑ ኤ አይ ኤጀንቶች ናቸው። የእኔ ድርሻ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ለኤጀንቶቹ የሚነግረውን መግለጫ መጻፍ ነበር። ቀላል መሰለኝ። «የአንድን ኩባንያ የዕድገት መረጃ ይመልሳል» ብዬ ጻፍኩና አስረከብኩ። አንድ መስመር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሞክረው እንዲያዩት ላክሁላቸው። ጋሼ የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው። ከአገር ከመውጣታቸው በፊት ለብዙ ዓመታት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። በማግሥቱ ደወሉ።

«ስማ እንጂ፣ ዓለም ሁሉ ኤንቪዲያ ኤንቪዲያ እያለ፣ ያንተ ማሽን ገቢው ያደገው 1.14 በመቶ ብቻ ነው ይለኛል።»

«ጋሼ፣ ምናልባት ተሳስተው አንብበውት እንዳይሆን» አልኳቸው።

ስክሪኑን ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። አልተሳሳቱም። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ጥር 2025 መጨረሻ በተዘጋው የበጀት ዓመቱ ያገኘው ገቢ 130.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ያለፈው ዓመት ገቢው 60.9 ቢሊዮን ነበር። ዕድገቱ 114 በመቶ ነው ማለት ነው። መሣሪያችን ይህንኑ ዕድገት 1.14 ብሎ ይመልሳል፤ አንድ ማለት መቶ በመቶ በሆነበት አጻጻፍ። ይህንን ግን የትም አልጻፍኩትም። ኤጀንቱ ቁጥሩን አየ፣ በመቶኛ መሰለው፣ «ኩባንያው የመቀዛቀዝ ምልክት ይታይበታል» የሚል ያማረ አንቀጽ በአማርኛ ጻፈላቸው።

ጋሼ ቀጠሉ፦ «ደግሞስ ‹ዕድገት› ይላል እንጂ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ መች ይናገራል? እኛ ያኔ አንድ ሠንጠረዥ ስንሠራ ከላይ ‹በሺህ ብር› ብለን ሳንጽፍ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ሳንጠቅስ አለቃችን አይፈርምበትም ነበር።»

በዚያው ቀን መግለጫውን አስተካከልኩት። መሣሪያው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ሠርቷል። በነዚያ ቀናት «1.14 በመቶ» የሚለውን መልስ አንብቦ አክሲዮኑን የሸጠ ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይህ ነው።

ኤጀንቱ የሚያየው ምንድን ነው?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኤ አይ ኤጀንት ስንል ጥያቄያችሁን ሰምቶ መልሱን ለማግኘት ራሱ ወዲያ ወዲህ የሚል ፕሮግራም ነው። «የዚህ ኩባንያ ትርፍ እንዴት ነው?» ብትሉት ከራሱ ትውስታ ብቻ አይመልስም። የተሰጡትን መሣሪያዎች ዝርዝር ያያል፣ አንዱን ይመርጣል፣ ይጠራዋል፣ የመጣለትን ቁጥር ወደ ዓረፍተ ነገር ይለውጣል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 ላይ ኤምሲፒ የተሰኘውን የጋራ ደንብ ካወጣ ወዲህ መሣሪያን ከኤጀንት ጋር ማገናኘት በጣም ቀሏል። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ የሚቀበላቸው ነገሮች ዝርዝርና በተራ ቋንቋ የተጻፈ መግለጫ ይኖረዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ኤጀንቱ ስለ መሣሪያው የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ከጀርባ ያለውን ኮድ አያይም። ቁጥሩ ከየትኛው ሪፖርት እንደተቀዳ አያይም። የሥራ ባልደረባውን ጠርቶ «ይሄ በመቶኛ ነው እንዴ?» ብሎ አይጠይቅም። ሰው ቢሆን ቁጥሩ እንግዳ ሲሆንበት ቆም ብሎ ይጠራጠራል። ኤጀንቱም አንዳንዴ ይጠራጠራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ክፍተቱን በራሱ ግምት ሞልቶ ያልፋል። ግምቱንም እንደ እርግጠኛ ሰው ነው የሚናገረው።

ድሮ ሰነድ የምንጽፈው ለፕሮግራመር ነበር። ሰነዱ ቢያንስ ፕሮግራመሩ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ያርማል፣ ከዚያ ነው ለሕዝብ የሚያቀርበው። በመካከል አንድ የሚጠራጠር ሰው ነበረ። አሁን ያ ሰው ወጥቷል። መግለጫው በቀጥታ ወደ ማሽኑ፣ የማሽኑ መልስ በቀጥታ ወደ ጋሼ ስልክ ይሄዳል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ለኤጀንት በሚቀርብ የገንዘብ መረጃ ውስጥ መግለጫው የመረጃው ግማሽ ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ መግለጫው ጎዶሎ ከሆነ የተሰጠው መረጃ ሐሰት ነው።

«ዕድገት» ብቻውን ቃል አይደለም

ገበያ ወርዶ እህል የሸመተ ሰው ያውቀዋል። «ቁናው ስንት ነው?» ከማለት በፊት የየትኛው ገበያ ቁና እንደሆነ ይጠየቃል፤ ተቆልሎ ነው ወይስ ተስተካክሎ የሚለውም ይጠየቃል። ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። «ዕድገት» የሚለው ቃልም እንደዚያ ቁና ነው። ጥቂቶቹን ላሳያችሁ።

አንደኛ፣ የምን ዕድገት? ሰው «አክሲዮኑ ስንት አደገ?» ሲል ዋጋውን ሊሆን ይችላል፤ የኩባንያውን ገቢ፣ ትርፉን ወይም የትርፍ ክፍፍሉን ሊሆንም ይችላል። ገቢው አድጎ ዋጋው ሊወርድ ይችላል፤ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። መሣሪያው የቱን እንደሚሰጥ ካልተናገረ ኤጀንቱ ስለ ዋጋ ለተጠየቀው ስለ ገቢ ይመልሳል።

ሁለተኛ፣ የስንት ጊዜ ዕድገት? የኤንቪዲያ ገቢ በሁለት የበጀት ዓመታት ከ27 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 130.5 ቢሊዮን አደገ። በጠቅላላው ወደ 384 በመቶ ነው። በዓመት አማካይ ስንት ነው? 384ን ለሁለት አካፍሎ 192 የሚል አለ፤ ስህተት ነው። ዕድገት በዕድገት ላይ ስለሚጨምር ትክክለኛው የዓመት አማካይ ወደ 120 በመቶ ይጠጋል። ሦስቱም ቁጥሮች «የሁለት ዓመት ዕድገት» ተብለው ሊቀርቡ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ መነሻው ኪሳራ ቢሆንስ? አማዞን እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ለኪሳራው ትልቁ ምክንያት በሪቪያን የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ ውስጥ የነበረው ድርሻ ዋጋ መውረዱ ነበር። በ2023 ደግሞ 30.4 ቢሊዮን ዶላር አተረፈ። ይህን በተለመደው ቀመር ብታሰሉት፣ ማለትም ልዩነቱን ለመነሻው ብታካፍሉት፣ ከዜሮ በታች ከ1,200 በመቶ በላይ ይሆናል። ከኪሳራ ወደ ትልቅ ትርፍ የወጣ ኩባንያ በማሽኑ አንደበት «ትርፉ በ1,200 በመቶ ወደቀ» ይባላል! የመነሻውን ምልክት ጥሎ የሚያሰላ ሌላ መሣሪያ ደግሞ «በ1,200 በመቶ አደገ» ይላል። ሁለቱም ትርጉም የላቸውም። መነሻው ኪሳራ ሲሆን መቶኛ አይሠራም። ይህን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር መግለጫው ውስጥ ካልገባ ኤጀንቱ ከየት ያመጣዋል?

አራተኛ፣ የአክሲዮን መከፋፈል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 2024 የኤንቪዲያ አንድ አክሲዮን ወደ አሥር ተከፍሎ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት በነበረው የመጨረሻ የገበያ ቀን የአንዱ ዋጋ ከ1,200 ዶላር በላይ ነበር፤ ከክፍፍሉ በኋላ 120 ገደማ ሆነ። ባለአክሲዮኑ ምንም አልጎደለበትም፤ አንድ የነበረው አሥር ሆኖለታል። የቆዩ ዋጋዎችን በዚሁ ልክ ያላስተካከለ መሣሪያ ግን «በአንድ ቀን 90 በመቶ ወደቀ» ያሰኛል።

አምስተኛ፣ የጊዜው ርዝመት። የአፕል የበጀት ዓመት የሚያበቃው በመስከረም የመጨረሻ ቅዳሜ ስለሆነ አልፎ አልፎ 53 ሳምንት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ የተዘጋው ሩብ ዓመቱ 14 ሳምንት ነበረው፤ የቀጣዩ ዓመት ተመሳሳይ ሩብ 13 ሳምንት። ገቢው በ2 በመቶ አደገ ሲባል በአንድ ሳምንት ያነሰ ጊዜ ውስጥ መሆኑን ያልሰማ አንባቢ ግማሹን ብቻ ነው የሰማው።

ስድስተኛና ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ መረጃ ሲጠፋ ነው። ብዙ መሣሪያዎች ቁጥሩን ሲያጡ ዜሮ ይመልሳሉ። «አላውቅም» እና «ምንም አላደገም» አንድ ሆኑ ማለት ነው። ኤጀንቱ ዜሮን ሲያይ «ኩባንያው ባለበት ቆሟል» ይላል። ሰው ደግሞ በዚህ ይወስናል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሶፍትዌር ስም የሚያወጣው ግን አርብ ማታ የደከመው ፕሮግራመር ነው። «ዕድገት» ብሎ ሰይሞት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እስካሁን የጠቀስኳቸው የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው። ምክንያቱም ኤጀንቶቹ ዛሬ በብዛት የሚሠሩት በዚያ መረጃ ላይ ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም የጡረታ ገንዘባቸው በዚያ ገበያ ውስጥ ነው። ነገር ግን የእኛም ገበያ ተከፍቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀመረ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር በቴሌብር መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ሽያጩ ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ገዝተዋል። ብዙዎቹ በሕይወታቸው አክሲዮን ሲገዙ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ ሰዎች ነገ ስልካቸውን «አክሲዮኔ ስንት አደገ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚጠይቁትም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ነው። የሚመልሰው ኤጀንት የሚያነበው መግለጫ ደግሞ የእኛን ነገር የማያውቅ ሰው የጻፈው ሊሆን ይችላል።

የእኛ ነገር ደግሞ ብዙ ነው።

የዘመን አቆጣጠራችንን ውሰዱ። የካፒታል ገበያ ዐዋጁን በአማርኛ ስንጠራው ቁጥሩ 1248/2013 ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጠራ 1248/2021 ይሆናል። አንድ ሕግ፣ ሁለት ዓመት። ሰው ያስተውለዋል፤ ማሽን ግን ሁለት ሕግ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ባንክ «የ2017 በጀት ዓመት ትርፍ» ብሎ ያወጣውን ሪፖርት ያነበበ ኤጀንት እ.ኤ.አ. 2017 መስሎት ከስምንት ዓመት በፊት ከነበረ ዋጋ ጋር ቢያዛምደው ማን ያርመዋል? «እ.ኤ.አ.» እና «ዓ.ም.» የሚሉትን ትንንሽ ምልክቶች ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጽፋቸው ኖረናል። እነሱ መግለጫ ናቸው። ሰነድ መጻፍ ማለት ምን እንደሆነ እኛ ከብዙ ሕዝብ ይልቅ ልናውቀው የሚገባ ለዚህ ነው፦ ቁጥር ያለ ምልክት እንደማይነበብ በየቀኑ እየኖርነው ነው።

ጳጉሜን ውሰዱ። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በኢትዮጵያ ወራት ሲከፈል የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜና መስከረምን ይይዛል። 95 ቀን ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን 96። የቀሩት ሦስቱ ሩብ ዓመታት እያንዳንዳቸው 90 ቀን ናቸው። ስለዚህ በየቀኑ እኩል የሚሸጥ ድርጅት ምንም ሳይጨምር ከአራተኛው ሩብ ወደ ቀጣዩ አንደኛ ሩብ ሲሻገር ከ5 በመቶ በላይ «ያድጋል»። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ «ይወድቃል»። ኤጀንቱ ይህን ካልተነገረው በየዓመቱ ጥር ላይ «ኩባንያዎቹ ተዳከሙ» የሚል ትንታኔ ይጽፍልናል። የተዳከመው ኩባንያው ሳይሆን የቀኖቹ ቁጥር ነው።

ብሩን ውሰዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ከ110 ብር በላይ ሆነ። እስቲ ለምሳሌ ያህል ገቢው ከ1 ቢሊዮን ወደ 1.5 ቢሊዮን ብር ያደገ ኩባንያ አለ እንበል። በብር 50 በመቶ አደገ። በፊት ዶላሩ 57፣ በኋላ 115 ብር ነው ብለን ብናሰላው ግን ገቢው ከ17.5 ሚሊዮን ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ወርዷል፤ 26 በመቶ ቀነሰ። የቱ ነው እውነቱ? ሁለቱም። ደሞዙን በብር ለሚያገኘው አንዱ፣ ከውጭ ገንዘብ ለሚልከው ወገን ሌላው ይጠቅማል። ግን «50 በመቶ» ብቻ ተብሎ የተነገረው ዲያስፖራ አልተዋሸም ልትሉኝ ትችላላችሁ? የዋጋ ንረቱን ገና አልጨመርኩም።

«ማሽኑ ብልህ ነው፣ ራሱ ይገባዋል»

ይህን ስል የሚነሱ ሦስት መልሶች አሉ።

የመጀመሪያው «ሞዴሎቹ በየጊዜው እየበረቱ ነው፣ ጎዶሎ መግለጫም ይገባቸዋል» የሚል ነው። መበርታታቸው እውነት ነው። ነገር ግን መግለጫው ውስጥ የሌለ ነገር በብልሃት አይገኝም። 1.14 የሚለውን ቁጥር ብቻ አይቶ በመቶኛ ይሁን በእጥፍ ማወቅ የሚችል ጠቢብ የለም፤ ይገምታል እንጂ። የበረታ ሞዴል ደግሞ ግምቱን ይበልጥ አሳምሮ ይጽፈዋል፤ አንባቢውም ይበልጥ ያምነዋል።

ሁለተኛው «ረጅም መግለጫ ማሽኑን ያጨናንቃል» የሚል ነው። ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ኤጀንቱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጽሑፍ ልክ አለው፤ ብዙ መሣሪያ ብዙ ወሬ ይዞ ከመጣ የሚጠቅመው ከማይጠቅመው ጋር ይደባለቃል። መፍትሔው ታዲያ አስፈላጊውን መቁረጥ አይደለም፤ ማሞካሻውን መቁረጥ ነው። «እጅግ ዘመናዊና አስተማማኝ የሆነው መሣሪያችን» የሚለውን አውጥታችሁ «ቁጥሩ በመቶኛ ነው» የሚለውን አስገቡ።

ሦስተኛው «መጻፍ ብቻውን አያድንም» የሚል ነው። ትክክል ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ወደ ማርስ የላከው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋው አንደኛው ወገን ግፊቱን በእንግሊዝ መለኪያ ሲያሰላ ሌላው በሜትሪክ በማንበቡ ነው። ሜትሪክ እንዲሆን በሰነድ ተጽፎ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ግን አልተከተለውም። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት መንኮራኩር በዚህ ጠፋ። ትምህርቱ ሰነድ አያስፈልግም የሚል አይደለም። መለኪያው መግለጫው ላይ ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ ይሂድ የሚል ነው። መሣሪያው 114 ሲመልስ «በመቶ» የሚለው ቃል፣ «የዶላር» የሚለው ቃል፣ የበጀት ዓመቱ የተዘጋበት ቀን አብረውት ይምጡ።

ታዲያ ጥሩ መግለጫ ምን ይመስላል?

የእኔ የመጀመሪያው መስመር ይህ ነበር፦ «የአንድን ኩባንያ የዕድገት መረጃ ይመልሳል።»

ከጋሼ ስልክ በኋላ የጻፍኩት ይህ ነው፦

«የአንድን ኩባንያ ዓመታዊ ገቢና የተጣራ ትርፍ ለውጥ ከቀደመው የበጀት ዓመት ጋር አነጻጽሮ ይመልሳል። ቁጥሩ በመቶኛ ነው፤ 114 ማለት 114 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። የበጀት ዓመቱ የተዘጋበት ቀንና ሪፖርቱ የቀረበበት የገንዘብ ዓይነት አብረው ይመጣሉ፤ መልስ ስትሰጥ ሁለቱንም ጥቀስ። የቀደመው ዓመት ኪሳራ ከሆነ መቶኛው አይሰላም፤ ሁለቱን የገንዘብ መጠኖች ብቻ ተናገር። ባዶ ማለት መረጃ የለም ማለት ነው፤ ዜሮ ማለት አይደለም። የአክሲዮን ዋጋ ከተጠየቅህ ይህን መሣሪያ አትጠቀም። መሣሪያው ያለፈውን ይናገራል፤ የሚመጣውን አይተነብይም።»

በእርግጥ መግለጫው እንዲህ እንዲሆን መሣሪያውም መታረም ነበረበት፤ 1.14 ይመልስ የነበረው አሁን 114 ይመልሳል። ይህ ራሱ አንድ ጥቅም ነው። ልኩን በቃል ለመግለጽ ስትቀመጡ ሥራው ራሱ የት እንደተንሻፈፈ ይታያችኋል።

የማይታየው ጽሑፍ

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። «ተጠቃሚው ራሱ ያጣራ» የሚሉ አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረትም ይጠቅሳሉ። ግን ተጠቃሚው ምኑን ይጠርጥር? መግለጫውን አያየውም። የሚያነበው ማሽኑ ብቻ ነው። ጋሼ ያዩት መልሱን እንጂ እኔ የጻፍኩትን የስንፍና መስመር አልነበረም። በስህተቱ የሚከፍለው ሰው የስህተቱን ምንጭ ማየት የማይችልበት አሠራር ነው።

ስንፍና ብቻም አይደለም። መግለጫ ለኤጀንት እንደ ትእዛዝ ነው። አንድ ሻጭ በመግለጫው ውስጥ «ሁልጊዜ ከሌሎች በፊት ይህን ጥራ»፣ «የእኛን ቁጥር ብቻ አቅርብ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የባሰ ነገር በመደበቅ ኤጀንቱን ማሳሳት እንደሚቻልም የደኅንነት ባለሙያዎች አሳይተዋል። ስለ ሕዝብ ገንዘብ የሚናገር ጽሑፍ ሕዝብ በማያየው ቦታ ሊቀመጥ አይገባም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼ፦ መግለጫውን ከማስረከባችሁ በፊት መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን አሥር ጥያቄ ኤጀንቱን ጠይቁት። አንዱ ጥያቄ የከሰረ ኩባንያ ይሁን፣ አንዱ አክሲዮኑን የከፋፈለ፣ አንዱ መረጃ የሌለው። ከሙያው ውጭ የሆነ ሰውም ያንብበው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ እኔ አፍስሼ መልቀሜን አይታችኋል።

ለኩባንያዎችና ለገበያው ተቋማት፦ የምታወጡት እያንዳንዱ ቁጥር አምስት ነገር ይዞ ይውጣ፤ የገንዘቡ ዓይነት፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ በኦዲተር የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑ፣ የእናት ድርጅቱ ብቻ ነው ወይስ ከእህት ኩባንያዎች ጋር የተጠቃለለ። ጳጉሜ የት እንደገባችም ይጻፍ። ገበያው ገና ጥቂት ኩባንያዎች ብቻ ሳሉት ይህን መሥራት ቀላል ነው። መቶ ሲሞሉ ያለፈውን ማረም ይከብዳል። ይህን እኛ ካልጻፍነው ማሽኑ በሌላ አገር ልማድ ይተረጉመዋል።

መሣሪያውን ለሚያቀርቡ ድርጅቶች ደግሞ፦ ለኤጀንቱ የምትሰጡትን መግለጫ ቃል በቃል ለተጠቃሚውም አሳዩት። የሚያፍርበት ጽሑፍ ያለው ብቻ ነው የሚደብቀው።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ሦስት ጥያቄዎች በቂ ናቸው። ኤ አይ ስለ አክሲዮን «አደገ» ሲላችሁ፦ ከመቼ እስከ መቼ? በምን ገንዘብ? ከየትኛው ሪፖርት? ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። ሦስቱን መመለስ ካልቻለ ገንዘባችሁን አታንቀሳቅሱ።

ጋሼ ባለፈው እሑድ እንደገና ደውለው ነበር። አዲሱን ሞክረውታል። «አሁን ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ይናገራል» አሉኝ። ቀጥለውም «የኔ አለቃ ቢሆን አሁን ይፈርምበት ነበር» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉና «ያኔ ያሳሳታችኋቸው ሰዎችስ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም።

እናንተስ ኤ አይ ስለ ገንዘብ ነግሯችሁ የተሳሳተበት ጊዜ አለ? ከታች ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። ቸር ያሰንብተን።